ከቆጣሪ እስከ አራስ ቤት በር

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ጭቃ ነበር። ሰበታ በክረምት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ጤና ጣቢያው ግቢ ስደርስ ምርምር የሚመሩት ዶክተሯ ቦቲ ጫማዬን አዩና፣ «ጋሽ ደጀኔ ማለት እርስዎ ነዎት? እኛ የምንፈልገው መንገድ እንዲያሳዩን ብቻ ነው» አሉኝ። «ብቻ» የምትለዋን ያዝኳት። ሰው «ብቻ» ሲለኝ እኔም ያንኑ ብቻ እሠራለሁ። ክፉ አመል ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለቆጣሪ ይበቃል። ዕቃዬ ሦስት ነበር፤ ክዳን ማንሻ ብረት፣ መስታወት መጥረጊያ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ። አራተኛው፣ በመዝገብ ያልሰፈረው፣ ለውሻ የሚወረወር አጥንት ነው። ጡረታ ስወጣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በስሙ አውቅ ነበር። ጤና ጣቢያው መንገድ መሪ ያደረገኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ለምርምር ብዙም ዕድል የማያገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተመርጠው ይመጣሉ። ከሩቅ ገጠር የመጡ፣ ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ኮሌጅ የረገጡ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ሁለት ወር ከአንድ ምሁር ሥር ሆነው ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ይመራመራሉ። የዚያ ክረምት ጥያቄ፣ «እናቶች ጤና ጣቢያ ወልደው ከሄዱ በኋላ ለምን ለምርመራ አይመለሱም?» የሚል ነበር።

ለእኔ ሁለት ልጆች ተሰጡኝ። አንዱ ናትናኤል፣ እናቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሽንኩርት እየሸጠች ያስተማረችው፣ ታብሌት ከእጁ የማይለይ ልጅ ነው። ሌላዋ ለሊሴ ናት። ለሊሴ አታይም። የወለጋ ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ በልጅነቷ ሰበታ አዳሪ ሆና ስለተማረች የከተማዋን መንገድ በጠረንና በድምፅ ታውቀዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳና በብሬል የተጻፈ መጠይቋ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ጠሯት። «ለሊሴ፣ እስከ ዓርብ አምስት አራሶች ካነጋገርሽ ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ቢሮ ሆነሽ የሌሎቹን የድምፅ ቅጂ እየሰማሽ ትጽፊያለሽ። ጭቃውም፣ ውሻውም አለ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለው ከሆነ፣ ዶክተር፣ ለእኔ ብለው ይተዉልኝ» አለች ለሊሴ። ነጭ ዘንጓን አነሳችና ወደ ውጭ ቀደመችን።

የመጀመሪያው ቤት ስንደርስ አንዲት ወጣት እናት ሕፃኑን እንደታቀፈች በሩን ገርበብ አደረገች። ናትናኤል አንገቱን አስግጎ፣ «ዋው፣ ሲያምር! ጉንጩ ሲወፍር!» አለ። ሴትዮዋ ነጠላዋን በልጁ ላይ ጣል አደረገችና በሩ ተዘጋ።

«ምን አጠፋሁ ፋዘር?» አለኝ።

«እኔ መንገድ ብቻ ነኝ» አልኩት።

ሁለተኛው ቤትም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ማክሰኞ ሙሉውን ዞርን። ናትናኤል ገና በሩ ሲከፈት ያደንቃል፤ በሩ ይዘጋል፤ እኔ ጢሜን እያሻሸሁ በልቤ እስቃለሁ። የተማረ ሰው ሲቸገር ማየት፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ድንጋይ ላይ አረፍን። እስከዚያ ድረስ አንድም አራስ አላነጋገርንም ነበር። ለሊሴ ዝናቡን ከፊቷ ጠረገችና፣ «ኦቦ ደጀኔ፣ በሮቹ ሲዘጉ ሰማሁ። በንዴት አይደለም የሚዘጉት፤ ቀስ አድርገው ነው። ምንድን ነው የሚፈሩት?» አለችኝ።

በሦስት ቀን ውስጥ የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚያስብ የጠየቀኝ እሷ ብቻ ናት። ነገርኳት። ሕፃን ሳይጠነክር ለማያውቁት ሰው ዓይን አይሰጥም፤ በክርስቲያኑም ቤት፣ በእስላሙም ቤት። «በስመ አብ» ወይም «ማሻአላህ» ሳይሉ «ሲያምር» ማለት ደግሞ እርግማን ነው።

«የሚፈሩት እንዳይታይ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንዳይታይ።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ፣ «ይህን ሰኞም ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«የእኔን ሦስት ቀን በሉት እኮ፣ ኦቦ።»

ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ስንት ስድብ ጠጥቻለሁ። እንደዚያች ቃል ያመመኝ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ወይዘሮ ሩቅያ ቤት ወሰድኳቸው። የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ምራታቸው ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እኔው።

«ደጀኔ፣ ውሃው ከተቆጠረ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጥር መጣህ?» አሉ በበሩ ስንጥቅ።

«እኔ አልገባም፣ እትዬ። ይኼም ልጅ አይገባም። የምትገባው ይህቺ ናት። ዓይኗ አያይም።»

ስንጥቁ ትንሽ ሰፋ። «ምንም?»

«ብርሃንም አላይም፣ እማማ» አለች ለሊሴ። «አካም ጅርቱ፣ እንደምን አላችሁ? ልጁንም አላደንቅም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት።»

ወይዘሮ ሩቅያ ሳቁ። «ነይ ግቢ። እነዚህ ሁለቱ ውጭ ይበስብሱ።»

በሰበስን። ናትናኤል ከቆርቆሮው ጥግ ተጠግቶ፣ «አሁን ማነው የአካል ጉዳተኛው?» አለኝ። አብረን ሳቅን። ለሊሴ ስትወጣ ሕፃኑን አቅፋ እንደነበር ከልብሷ የወተት ሽታ አወቅን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። ከሰዓት አራሶቹ ራሳቸው፣ «ያቺ የማታየዋ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ሰው መላክ ጀመሩ። ዓርብ ጠዋት ናትናኤል ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። አንድ ቤት በር ላይ የቆመች አያት ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «አንተማ ታያለህ። ቅድም ቦዩን ዘለልከው እኮ» አለችው። መነጽሩን አውልቆ የቤቱን ውሻ ሊይዝልኝ መጣ።

ዓርብ ማታ ለሊሴ ዘጠኝ እናቶች አነጋግራ ነበር። ዶክተሯ ቅጂውን ሰሙት። ዘጠኙም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር። አራስ ከነልጇ እዚያ ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያያት ትጠብቃለች። ቢሞቱም አይመለሱም።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሽ ደጀኔ፣ እርስዎ ይህን አያውቁም ነበር?»

«የአግዳሚውን አላውቅም። የበሩን አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«መንገድ ብቻ ብለውኝ ነበር» ልል አፌን ከፈትኩ። ለሊሴ አጠገቤ ቆማለች። «አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ዶክተሯም፣ «እኔም አልጠየቅሁም» አሉ። ለሊሴ ቤት ለቤት ሥራዋን ቀጠለች። በሳምንቱ አግዳሚው ፊት መጋረጃ ተሰቀለ፤ ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። የወይዘሮ ሩቅያ ምራት ልጇን ይዛ ስትመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አሳለፍኳት።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ አዳዲስ ተማሪዎች እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ቀን፣ ጭቃውን ከማሳየቴ በፊት፣ የበሩን ነገር እነግራቸዋለሁ። መንገድ መሪ የሚያውቀውን ሳይጠየቅ ይናገራል።