ሳንቲም የተወረወረበት ሳምንት

በዚያ ሐምሌ ልጄ ሕክምና ለመማር ዕጣ ውስጥ ገብታ ነበር። ኔዘርላንድ ውስጥ ያኔ ደንቡ እንዲህ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ከአሥር ስምንትና ከዚያ በላይ ያመጣ በቀጥታ ይገባል፣ ከዚያ በታች ያለው ዕጣ ይወጣለታል። ሎቲንግ ይሉታል። የእኔዋ ሰባት ከምናምን ነበራት። ዴልፍት የምትኖረው የጸሎት ጓደኛዬም ልጇ እዚያው ዕጣ ውስጥ ነበረች፤ እንዲያውም ነጥቧ ከልጄ ትንሽ ይበልጣል። ሁለታችን እናቶች ሦስት ቀን አብረን ጾመን ጸልየናል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕድል የሚባል ቃል አይወደድም። እኔም አልወደውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ ስከፍት ከረምኩ።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው። ሐሙስ ጠዋት ራይስዋይክ የሚኖሩ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ዘንድ ገባሁ። በወጣትነታቸው የክሪኬት ቡድን አምበል ነበሩ። ያን ዕለት ያገራቸው ቡድን እንግሊዝ አገር ቴስት የሚባለውን፣ አምስት ቀን የሚፈጀውን ጨዋታ ሊጀምር ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ አምበሎች ሳንቲም ሊወረውሩ ቆመዋል።

«አምስት ቀን ለሚቆይ ጨዋታ ዘውድ ወይስ ጎፈር?» አልኳቸው፣ ለደም ዝውውር የሚያደርጉትን ጠባብ ካልሲ እየጎተትኩ።

«ዝም ብለሽ እይ፣ ልጄ። ሰማዩ ደመና ነው። ኳሱ የሚነጥርበት መሬት ረጥቧል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። ዛሬ ጠዋት ኳሱ እየተጠማዘዘ ነው የሚመጣው። ዕጣ የደረሰው ‹እናንተ ቀድማችሁ ምቱ› ይላል፤ ያልደረሰው መከራውን ያያል።»

የእሳቸው ቡድን ዕጣው ከደረሰው ልጄ ትገባለች አልኩ በልቤ። ወዲያው ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ጾሜ በሳንቲም ላሟርት? ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ እያልኩ እንኳ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። ሳንቲሙ ወደቀ፤ አልደረሳቸውም።

ምሳ ሳይደርስ አራት መቺዎች ከጨዋታ ወጡባቸው። እኔ ያጠብኩትን ሳህን መልሼ አጥባለሁ፣ እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። «ምን ያስጨንቅሻል? መሬቱ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። አምስተኛው ቀን ላይ በተሰነጠቀው መሬት የሚመቱት እንግሊዞቹ ናቸው» አሉኝ። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ዓርብ ደመናው ተገፈፈ። ቅዳሜ ፖስታው መጣ፤ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቀደደችው። «እማ፣ ገባሁ!» እልልታዬን የሰማች ጎረቤት በሯን ከፍታ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ።

ለጓደኛዬ ግን አልደወልኩም። ረሳሁ ብል ውሸት ነው፤ ፈራሁ። እሁድ ሄግ በሚገኘው አዳራሻችን ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል የቀደመኝ የለም። ማይክራፎኑን ይዤ «ዕጣ አይደለም! ጌታ የእምነቴን መልስ ሰጠኝ!» አልኩ። ጉባኤው አሜን አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ጓደኛዬም አሜን አለች፤ ድምጿን ለየሁት።

ስንወጣ በሩ ጋ አቀፈችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ። የእኔዋ አልደረሳትም» አለች በጆሮዬ። «ግን እህቴ፣ የእኔ እምነት ምን ጎድሎት ነው?»

የትራም ሰዓት አሳብቤ ተለየኋት። አፈርኩ።

ሰኞ ሽማግሌው እንዳሉት ሆነ። ኳሱ ስንጥቁ ላይ እያረፈ ወዳልታሰበበት ይዞራል፤ ዕጣ የደረሳቸው እንግሊዞች አንድ በአንድ ወጡ። ያገራቸው ቡድን አሸነፈ። እኔ ከእሳቸው ብሼ አጨበጨብኩ፣ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓርብ ፀሐይ ባትወጣ ኖሮ ቅዳሜ አልቆልን ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ደመናውን የገፈፉት ግን እነሱ አይደሉም።»

«እርስዎ አምበል ሳሉ ዕጣው ሲደርስዎ ምን ይሉ ነበር?»

«ዕድል ነው እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ያኛውም እኮ ጸልዮ ነው የመጣው።»

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ዴልፍት ሄድኩ። ስለ አምስተኛው ቀን አውርቼ ላጽናናት ነበር ሐሳቤ። ልጇ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ ጓደኛዬ ዓይኗ አብጧል። ያዘጋጀሁት ወሬ ሁሉ ጠፋኝ።

«ዕድል ነው» አልኳት። «ካንቺ እምነት የጎደለ የለም። ሳንቲም ነው የወደቀው።»

«ይህን እሁድ በማይክራፎኑ ትይልኛለሽ?»

«እሺ» አልኩ።

ልጄ ዛሬ ሐኪም ናት። ጓደኛዬ አሁንም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ዞር ብላ ታየኛለች፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ።