ቀኑን የሚረሳው ኮምፒውተር

በመጀመሪያው ሴሚስተር ዕረፍት ከወላይታ ሶዶ ወደ ዲምቱ የሄድኩት ለአክስቴ የኮምፒውተር ጨዋታ ልጭንላት ነበር። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ዲምቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የአካባቢ ሳይንስ ታስተምራለች። ደውላ "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል?" ስትለኝ፣ እኔ ገና የጋራ ኮርሶችን የምወስድ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪ ነበርኩ። ላስከፋት ስላልፈለግኩ "እሞክራለሁ" አልኳት።

ስድስቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጣቸው ሟቹ ባሏ ነው። እሱም እዚያው አስተማሪ ነበር። ሶዶ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሊጥላቸው ሲል ለምኖ፣ በአይሱዙ አስጭኖ፣ አንዷን ክፍል ራሱ ቀለም ቀብቶ አስገባቸው። በኋላ ከአንድ እንግዳ የዱር እንስሳት ጨዋታ ያለበት ዲስክ ተሰጠው። ልጆቹ እንስሳ መርጠው፣ ውኃና መኖ እየፈለጉ፣ ከአዳኝ እያሸሹ ዓመቱን ሙሉ በሕይወት የሚያቆዩበት ጨዋታ ነው። ዲስኩን ሳይጭነው ታመመ፤ ከበሽታውም አልተነሣም። ክፍሏ ከዚያ ወዲህ ብዙውን ጊዜ ዝግ ናት። አክስቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ገብታ ማሽኖቹን ከፍታ፣ አቧራ ጠርጋ ትወጣለች።

አሁን ግን ርዕሰ መምህሩ ክፍሏን ፈልገዋታል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ግማሾቹ የሚማሩት ከግራቪላው ዛፍ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤታቸው ይሰደዳሉ። "ትምህርት የሚሰጥባት ከሆነ ትቆይ። ካልሆነ ግን ሰኞ እወስናለሁ" ብለዋታል። እኔ የደረስኩት ዓርብ ነበር።

ክፍሏ እርጥበት እርጥበት ትሸታለች። ከስድስቱ ኮምፒውተሮች አራቱ ተነሡ፤ ከአራቱ ዲስክ የሚያነበው አንዱ ብቻ ነበር። ጨዋታውን እሱ ላይ ጫንኩት። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች እስከ መጨረሻው ሄደች። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል። ልከፍተው ስነካው ግን አንድ ጽሑፍ ብቻ መጣ፤ የፈቃዱ ጊዜ ገና አልጀመረም የሚል።

"ምን አለህ?" አለችኝ።

"ገና ነው ይላል።"

"ምኑ ነው ገና? ዲስኩ እኮ ቤቴ ተቀምጦ አርጅቷል!"

ጨዋታውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ፍላሽ ላይ ገልብጬ በሌሎቹም ማሽኖች ሞከርኩ፤ ያው ነው። ቅዳሜን ሙሉ እንደዚያ ስታገል ዋልኩ። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ አንዱን ከፍቼ አንዱን ስዘጋ፣ አክስቴ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሳህን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። "ብላ። ማሽኑ ቢርበውም አይናገር" አለችኝ። ፈገግ ያለችው ለእኔ ብላ እንደነበር ያስታውቃል።

ስህተቱን ያላየሁት ፊት ለፊቴ ስለነበረ ነው። በስክሪኑ ጥግ የተጻፈው ቀን ትክክል ነበር። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመተ ምሕረቱም ዛሬ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቀን። ችግሩ እሱ ራሱ ነበር።

"አክስቴ፣ ይህን ቀን የሞላው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ። ሲያድሩ ይረሱታል። ጠዋት ስከፍታቸው የድሮ ዓመት ያሳያሉ። ሰሌዳዬ ላይ ቀን ሳልጽፍ አስተምሬ አላውቅ፤ እነሱም ላይ እሞላለሁ።"

ማሽኖቹ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቀው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። አክስቴ ደግሞ በየጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር ስትሞላላቸው ኖራለች። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

"እሺ፣ በጳጉሜ ምን ታደርጊያለሽ? አሥራ ሦስተኛ ወር እኮ አያውቅም።"

"በጳጉሜ ትምህርት የለም" አለች ኮስተር ብላ። "የሚያስቸግረኝ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን እምቢ ይለኛል። ያኔ አልከፍተውም፤ ይረፍ።"

የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ግን በሃያ ስምንት ያልቃል። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ከልባችን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አዞርኩና ጨዋታውን ከፈትኩት። አሁን ደግሞ ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ የፈቃዱ ጊዜ አልፏል። የዲስኩን ሽፋን ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ዓመታት አልፈዋል። በአክስቴ ቀን ገና ነው፤ በእውነተኛው ቀን አብቅቷል።

ያለው መንገድ አንድ ብቻ እንደሆነ ነገርኳት፤ ከሦስቱ ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን መርጠን መሙላት። "ውሸት ቀን ነው" አልኳት ቀስ ብዬ። መስኮቱን ከዘጋች በኋላ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

"የትኛውም ቀን ይሆናል?"

"ከሦስቱ ዓመት ውስጥ እስከሆነ ድረስ።"

ዓመቱን ነገረችኝ። ቀኑ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ዋዜማ ነበር። ወደ ፈረንጆቹ አዙሬ ሞላሁት፤ ለምን ያንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም። ባሏ የሞተው በዚያው ዓመት፣ ጊፋታ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ቤተሰባችን ሁሉ ያውቃል።

ጨዋታው ተከፈተ። ቢጫ ሣር፣ ከሣሩ መሀል ደግሞ ጆሮውን የሚያርገፈግፍ ከርከሮ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ መጡ። ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ወጣት ሰው ናቸው። አክስቴ ማሽኖቹን አስነሣች፤ በአራቱም ላይ ያንን ቀን በገዛ እጇ ሞላች። ርዕሰ መምህሩ ከርከሮውን ወደ ውኃ ሲነዱ እንደ ልጅ ጎንበስ አሉ።

"መምህርት፣ ይሄ እኮ በቆሏችንን የሚጨርሰው ነው። እኛው ከሞት ልናተርፈው?"

"እዚህ ውስጥ በቆሎ የለም፤ ሥር ቆፍሮ ነው የሚበላ" አለች።

"እንግሊዝኛውስ? ልጆቹ ይከብዳቸዋል።"

"በወላይትኛ እነግራቸዋለሁ። ለእሱ እኔ አለሁ።"

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አለቀ፣ ክፍሏ ተረፈች ብዬ ነበር። ከዚያ ጣታቸው በስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ።

"ቀኑ ተሳስቷል። እርስዎ ቀን አይስቱም እኮ!" እያሉ ሊያስተካክሉት ጀመሩ።

"ይተዉት" አለች አክስቴ። "በልኩ ቀን አይከፈትም።"

እኔ ጣልቃ ገብቼ ስለ ፈቃዱ አስረዳሁ። ብዙ አወራሁ፤ ባወራሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ እንደሄደ ከፊታቸው ይታየኛል። ስጨርስ መዳፊቱን ለቀው ቀና አሉ።

"ከወረዳ መጥተው ቢያዩ ምን እላለሁ? ጊዜው ያለፈበት ነገር፣ በውሸት ቀን እናስተምራለን ልበል?" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "ከውጭ ደግሞ ልጆቹ አሉ።"

ያካፋ ነበር። ከግራቪላው ሥር የነበሩት ልጆች ደብተራቸውን ራሳቸው ላይ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ሲሮጡ በመስኮቱ አየናቸው። አክስቴም አየቻቸው። አልተከራከረችም። "ልጆቹ ይግቡ" ብላ አራቱን ማሽኖች አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቹን ተሸክመን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባን። አንዱን ብቻ፣ ዲስክ የሚያነበውን፣ መምህራን ማረፊያ ጥግ እንድታስቀምጥ ፈቀዱላት። ባሏ የቀባው ግድግዳ ላይ የጠረጴዛዎቹ ጀርባ የነካው ቦታ ነጥቶ ቀረ። ወደ ሶዶ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ ባላስረዳ ኖሮስ እያልኩ ሄድኩ።

ሶዶ ከአንድ ጥገና ቤት ያቺን ክብ ባትሪ ገዛሁ። ቢያንስ አንዱ ማሽን ቀኑን እንዳይረሳ ብዬ ነው። ደወልኩላት።

"ባትሪውን አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ልቀይርልሽ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መሙላት የለም።"

ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

"ጨዋታውን ትከፍችዋለሽ?" አልኳት።

"አልፎ አልፎ። ቀኑን ግን እሞላለታለሁ።"

"የዛሬውን?"

"አይ። ያንን።"

ባትሪዋን ብቀይርላት ማሽኑ መቁጠር ይጀምራል፤ ከጊፋታ ዋዜማ በማግስቱ ጊፋታ ይሆናል፤ ከዚያም ሌሎቹ ቀኖች ይመጣሉ።

"ባትሪውን ተወው፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። "እንደዚሁ ይሁን።"

ባትሪዋ ከነወረቀቷ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ አለች።