የወይዘሮ የትነበርሽ ነጠላ ሲቀላ

ሰውአገኝ አዘዞ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነው። ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ሁለት ሳፋ፣ አንድ ካውያና አንድ ረጅም ገመድ አለው። በሩ ላይ «ዘመናዊ ላውንደሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዘመናዊ የሚያሰኘው ምኑ እንደሆነ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ተወልዶ ያደገው አምባ ጊዮርጊስ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቆ ሲወጣ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው እውቀት አንድ ብቻ ነበር። ቤተ ሙከራ ያልነበረው የኬሚስትሪ መምህሩ አንድ ቀን እርድ፣ ሳሙናና ሎሚ በፌስታል ይዞ መጥቶ ቢጫውን ቀይ፣ ቀዩን መልሶ ቢጫ ሲያደርግ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሃያ ዓመታት ይህ እውቀት ለምንም ጠቅሞት አያውቅም።

ነጭ ልብስ በማንጣት ግን የሚያክለው የለም። ፋሲካ ሲቃረብ የሰፈሩ ጋቢና ነጠላ ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ የሰንበት ተማሪዎቹ የዝማሬ ቀሚስ ሳይቀር። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በዚያ ሰሞን ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወይዘሮ የትነበርሽ ደንበኛው ናቸው፤ በጾም የታወቁ ሴት። አዘዞ ውስጥ ሁዳዴን የማይጾም የለም፤ እሳቸው ግን የሚጾሙት ሰው እያየ ነው። ከዘወረደ ጀምሮ ድስት የነካው ምግብ አፋቸው እንዳልገባ፣ ከቆሎና ከውሃ በቀር እንደማይቀምሱ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ያልሰማ ቢኖር ራሳቸው ይነግሩታል። የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ፊተኛውን ቦታ የሚለቁላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በደብረ ዘይት ሳምንት ረቡዕ ዕለት ሰውአገኝ የእሳቸውን ነጠላ ሲዘረጋ ከጥለቱ አጠገብ መዳፍ የሚያክል የገረጣ ቢጫ ነገር አየ። አቧራ መስሎት ደረቅ ሳሙና አሸበት። ቢጫው እጁ ላይ ደም መሰለ። አልደነገጠም፤ እንዲያውም የድሮ ወዳጁን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ። ፈገግ እንዳለ ቀና ሲል ወይዘሮ የትነበርሽ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ደም!» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ደም አይደለም፤ ይሄ እኮ...»

«በሁዳዴ! በእኔ ነጠላ! ዶሮ አርደህ ነው የጠረግህበት?»

ከሳፋው ሥር ለፋሲካ የተገዛ አውራ ዶሮ ታስሮ ነበር። ስሙ ሲነሳ የሰማ ይመስል ጮኸ።

«ይኸው በሕይወት አለ» አለች የሰውአገኝ ሚስት ወለላ፣ ልብስ ከምታሰጣበት ሆና።

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛ የለንም እኮ!»

«እኔስ ምን አልኩ? የለም!» ብለው ነጠላውን ከነሳሙናው ነጥቀው ሄዱ።

አላፊ አግዳሚው እንዲያየው በረንዳቸው ላይ ሰቀሉት። ሐሙስ ዕለት ሁለት ደንበኞች ልብሳቸውን ሳይታጠብ ወሰዱ። ዓርብ የሰንበት ተማሪዎቹ አለቃ መጥቶ «ነገሩ እስኪጣራ ነው እንጂ እኛስ እናምንሃለን» ብሎ ቀሚሶቹን በሙሉ ጭኖ ሄደ። በሁዳዴ ደም የነካ እጅ የቤተ ክርስቲያን ልብስ እንዴት ያጥባል? ሰውአገኝ ስሙ ካልጸዳ ፋሲካ ለእሱ እንደማይመጣ ገባው። ሽማግሌ ጠየቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ አለነ፣ የደብሩ ቄስ፣ ነጠላቸውን በፌስታል የያዙት ከሳሽ፣ ሰውአገኝና ወለላ። ወሬ የሚወድ ሰው ሁሉ ደግሞ ከኋላቸው ቆሟል።

«አያ አለነ፣ በቃል ከምከራከር ላሳይዎት» አለ ሰውአገኝ።

ወለላ ከዘንቢሏ እርድ፣ ሳሙና፣ ሦስት ሎሚና የቆየ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ሰውአገኝ እርዱን በውሃ በጥብጦ ጨርቁን ነከረው። ቢጫ ሆነ።

«ይሄንማ ማን ያጣዋል?» አሉ አያ አለነ።

ሳሙና አሸው። ጨርቁ ቀላ። ቄሱ አማተቡ።

«ምነው ልጄ፣ ይህ ነገር ትምህርት ነው ወይስ ሌላ?»

«አስራ አንደኛ ክፍል ነው፣ አባ።»

ሎሚ ጨመቀበት። ቢጫው ተመለሰ።

«ድገመው» አሉ ቄሱ።

ደገመው። «ቆይ፣ አሁን እኔ ልጭመቅ» አሉ አያ አለነ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ሳሙናውን አብዛው እስቲ! ሸጋ! አዩ አባ፣ እኔ ስጨምቀውም ይሠራል!» ሽምግልናው ተረሳ። ወለላ «አንዷ ሎሚ እንኳ ለነጠላው ትትረፍ» ባትል ኖሮ ሁሉም ባለቀ ነበር።

ነገሩ ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ነበሩ። ፌስታሉን ወደ ጉያቸው አስጠጉ።

«እኔ ይቅር ብየዋለሁ» አሉ ድንገት። «ጾም ነው። ነጠላው ይቆየን።»

«ይኸው ይቅር አሉህ» አሉ አያ አለነ።

«ይቅር የሚባል ያጠፋ ሰው ነው» አለ ሰውአገኝ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ነጠላው ይውጣ።»

ነጠላው ወጣ። ሎሚው ተጨመቀ። በረንዳ ላይ አራት ቀን የዋለው ደም ሁሉም እያየው ቢጫ ሆነ። «ንጹሕ ነህ!» አሉ አያ አለነ፤ ቄሱም ባረኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

«ለመሆኑ» አሉ ቄሱ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «እርዱ ነጠላው ላይ ከየት መጣ?»

ወለላ የባሏን እግር ረገጠች። ሰውአገኝ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ተጠይቋል። ነጠላውን ወደ ብርሃኑ አነሳ።

«ከአልጫ ነው፣ አባ። ይኸው ዘይቱ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቷል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው። የድንች ይመስለኛል።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ የትነበርሽ ነጠላቸውን ተቀብለው በጥንቃቄ አጣጠፉት፤ ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሰኞ ሰውአገኝ በማለዳ ውሃ አሙቆ ደንበኛ ጠበቀ። ቀሚሶቹ ተመለሱ፤ ግን ታጥበው። «ካውያ ብቻ ምታቸው» አለ የሰንበት ተማሪዎቹ አለቃ፣ ዐይኑን ሌላ ቦታ እያሳረፈ። የአያ አለነ ጋቢ መጣ፤ እሱም በረዶ መስሏል። በሳምንቱ ውስጥ ከገባው ልብስ ሁሉ አንድ ጉድፍ ያለበት አልተገኘም።

«ሰዉ ምን ሆነ?» አለ። «ንጹሕ መሆኔን በዐይኑ አይቷል እኮ!»

«አንተንማ አየ» አለች ወለላ። «አሁን የፈራው አንተ እንዳታየው ነው።»

ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀር አንዲት ሴት ትልቅ ጥቅል ይዘው ገቡ። ወይዘሮ የትነበርሽ ናቸው። በማኅበሩ አሁን የሚቀመጡት በሩ አጠገብ፣ ንፋሱ ከሚገባበት ነው ይባላል። ሰውአገኝ ጥቅሉን ፈታ ሲያደርገው ማመን አቃተው።

«አልታጠበም?»

«ለምን ብዬ ላጥበው? አንተ ዘንድ ምን ምስጢር ቀረኝ?» ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጠቆሙ። «ይቺ ምስር ናት። ይቺ ሽሮ። ይቺኛዋን ግን አላስታውሳትም፤ ካወቅሃት ለእኔ ብቻ ንገረኝ።»

ሰውአገኝ ነጠላውን ወደ ብርሃኑ አነሳ። ከዚያ ትዝ አለውና ቶሎ አውርዶ፣ ሳያየው ሳፋው ውስጥ ነከረው።