ከቡቺ አንገት የሾለከው ገመድ

የዚያን ቀን ቃሊቲ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ልጃቸው ጽጌ፣ እኔና የጽጌ ትንሽ ውሻ ቡቺ ነን። ዛሬ ኮዬ ፈጬ የልጄ ትንሽ ውሻ ሲሚንቶው ላይ ሲሮጥ የጥፍሩ ድምፅ ወደዚያ ልጅነቴ ይመልሰኛል።

ለመንገድ ውሾች መርዝ ሊጣል ነው ስለተባለ ሰፈሩ ሁሉ ውሻውን አስሮ ነበር። ቡቺ ግን አንድ ቦታ መቆም አያውቅም፤ የታሰረበት ገመድ የትልቅ ውሻ ስለነበር ከቀጭን አንገቱ ሾለከና ቡቺ ከግቢ ወጣ። ሲመለስ አረፋ ይደፍቃል፣ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

"ወተት አምጪ! ቶሎ በይ!" አለችኝ እናቴ። አፉን ከፍታ ብታፈስለትም በጎን ወጣ።

"እትዬ፣ ይድናል አይደል?" አለች ጽጌ።

"ዓይኑን አትዩት ልጆቼ" አለችን እናቴ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ጋሽ ታደሰ በሹራባቸው ጠቅልለውት ከጽጌ ጋር ሳሪስ የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ሄዱ። በማግስቱ እኔ የቡቺን መጨረሻ ሳልሰማ ክረምቱን አክስቴ ጋ እንድከርም ተላክሁ፤ ስመለስ እነ ጋሽ ታደሰ ቤታቸውን ለቀው ሄደዋል። ቡቺ ዳነ ወይ ብዬ እናቴን ብጠይቃት "ተይው" ብቻ አለችኝ።

አሁን የልጄን ውሻ የአንገት ማሰሪያ በጣቴ ደጋግሜ እለካለሁ፤ ቢጠብቅም እፈራለሁ፣ ቢላላም እፈራለሁ።

የጋሽ ታደሰን ልጅ ጽጌን የምታውቁ፣ እባካችሁ ያለችበትን ንገሩኝ።