ሥጋ የሚበላ ውሃ

ደባርቅ ሆስፒታል በነርስነት ስሠራ አንድ የበየዳ ገበሬ ተኝቶልን ነበር። በእርሻ ድንበር ጠብ ሆዱን በጥይት ተመትቶ ጎንደር ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ጥይቱ ወጥቷል፣ አንጀቱ ግን እምብርቱ አጠገብ ወደ ውጭ ተበስቶ ቀርቷል። በዚያች ቀዳዳ ቀን ከሌት አረንጓዴ ውሃ ይፈሳል። ምግብ የሚፈጭ ውሃ ነውና የሰውየውን ቆዳ ይበላው ጀመር። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ቆዳው ካልዳነ ቀዳዳውን የሚዘጋው ሁለተኛው ቀዶ ጥገና አይሠራም።

ሆድ ላይ ተለጥፎ ውሃውን የሚቀበል ከረጢት አልነበረንም። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን በዋዛ አልለቅም። የቀዳዳዋን ልክ በወረቀት ወስጄ ፌስታል ቆረጥኩ፤ የተላጠውን ወፍራም ቅባት ቀብቼ፣ ዳር ዳሩን ጤነኛው ቆዳ ላይ በፕላስተር አጣበቅሁት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ፌስታሉ መሬት ላይ ተጥሏል። የሰውየው ሆድ እንደተገፈፈ በግ ቀልቷል።

"ማነው የቀደደው?"

"እኔ ነኝ! ምን ትሆኚ?" አለ ታናሽ ወንድሙ። "የጥይቱ መርዝ ይውጣ እንጂ! አፍነሽ ልትገድይብኝ ነው? ደመኞቻችን ናቸው የላኩሽ?"

በእኛ አገር የሚፈስ ቁስል አይታፈንም። እናቴም ትለው ነበር። ሌላ ፌስታል ሳነሳ በጥፊ አጮለኝ፤ መነጽሬ አልጋው ሥር ገባ።

"መርዝ አይደለም" አልኩት፣ ተንበርክኬ መነጽሬን እየፈለግሁ። "አንተንም ቢነካህ ይበላሃል።"

"ይቺ ውሃ? ክላሽ ያልበላኝን ሰውዬ!" ጎዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ ውሃው ውስጥ ነክሮ የእጁ አንጓ ላይ ጠመጠመው። "እስኪ ትብላኝ!"

ልከለክለው ይገባኝ ነበር። ቋጠሮውን አጠበቅሁለት። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ከጥፊው ይልቅ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ፌስታል አላስነካ ስላለኝ ውሃውን በጨርቅ እየመጠጥኩ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ወንድምየው ራሱ መጣ፣ ግንባሩን አልቦት።

"ፍቺልኝ።"

አንጓው ቀልቶ ያብለጨልጫል። ቧንቧ ሥር አድርጎት እየተራገመ ቆየ። ከዚያ ወንድሙን አየው። "አያ ይህችን ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ የቻልካት?" አለው።

የተላጠውን ሳጥበው በሽተኛው ደረቴን በእርግጫ አለኝ። ወንድምየው እግሮቹ ላይ ተጋደመ።

"ዝም በል አያ! እኔም ቀምሻታለሁ!"

"አንተ በእጅህ፣ እኔ በሆዴ! ሁለታችሁንም እግዜር ይንቀላችሁ!"

እየሰደበኝ አዲስ ፌስታል ለጠፍኩለት፤ ዳሩም አላንጠባጠበም። አመሻሽ ላይ ከበየዳ ጠያቂዎች መጡ። አንዱ ሽማግሌ ፌስታሉን አይተው፣ "ምነው መርዙን አፈናችሁት?" ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

ወንድምየው ዱላውን አነሳ። "አባቴ፣ እርስዎም ቢሆኑ! ፌስታሏን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!"