በሜትር የታሰረው ጣሪያ ሠሪ

የምሥራች ይዣለሁ፤ ዘጠና ሰባት ሆነ! «ምኑ?» እንዳትሉኝ፤ ደስታ ምላሴን አስቀድሞት ነው። ዘጠና ሰባት የሆነው የወንድሜ የደም ግፊት ነው፤ ያውም መካከለኛው።

ወንድሜ ጣሪያ ሠሪ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ ኮቴው ስለማይሰማ የሥራ ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉታል። ታዲያ ድመቱ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ራሱን አዞረውና እንጨት አቅፎ ቀረ። እንደ ጆንያ ተሸክመው አወረዱት። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለትና «ከላይኛውና ከታችኛው ቁጥር የሚወጣው መካከለኛ ግፊት ከመቶ በታች ሆኖ ካልሰነበተ ጣሪያ የለም» አለው። እንዴት እንደሚሰላ ግን እሱም አልተናገረም፣ ወንድሜና ሚስቱም አልጠየቁም።

ከዚያማ ቤቱ እስር ቤት ሆነ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፍቅሯም እንደ ስፌቷ ጠበቅ ያለ ነው። መሰላሉን ከስፌት መኪናዋ እግር ጋር ጠፈረችው። «ደጅ ከወጣህ ጓደኞችህ ያማልሉሃል» ብላ የግቢውን ቁልፍ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ጨው ከገበታው ተሰደደ። ጠዋት ጠዋት ግፊቱን ትለካና፣ ከአንገቷ የማትለየውን ሜትር ዘርግታ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ለሁለት ታጥፈዋለች። የጨርቅ መሃል የሚገኘው በማጠፍ አይደል? እጥፋቱ ያረፈበትን አይታ ትፈርዳለች።

«ዛሬም አልተፈታህም።»

«ይግባኝ የለም እንዴ፣ ዳኛዋ?»

«ይግባኝህን ለትራስህ ንገረው!»

ልጠይቀው ስሄድ ሁሌ መስኮቱ ሥር ተጎልቶ የጎረቤት ጣሪያ በዓይኑ ሲጠግን አገኘዋለሁ። «እህቴ፣ ዝናቡ ሊገባ ነው። አለቃዬ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሊይዝ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ ከምሻግት ያን ቀን ወድቄ ቢለይልኝ ይሻል ነበር» ይለኛል። ኋላ ኋላማ ቀልዱንም ተወው፤ «አልተፈታህም» ስትለው ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ያኔ ነው የፈራሁት።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ሳለሁ የሰፈራችን ነርስ ጋውኗን ልታሳጥር መጣች። የወንድሜ ሚስት «አንድ ጊዜ ታገሺኝ፣ ሲስተር» ብላ ለካችው። ላይ መቶ ሃያ ስምንት፣ ታች ሰማንያ ሁለት። ሜትሯን አጠፈች። «መቶ አምስት! ተቀመጥ።»

ነርሷ ግራ ገባት። «እትዬ፣ ለምን ለሁለት አጠፉት?»

«መካከለኛው አይደል የተባልነው?»

«ልብ እኮ ጨርቅ አይደለችም! የምትጨመቀው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የምታርፈው እጥፍ ለሚሆን ጊዜ። ስለዚህ መካከለኛው ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጋል። እስቲ ለሦስት እኩል ያድርጉትና ከታች በኩል የመጀመሪያውን እጥፋት ይዩ።»

የልብስ ሰፊ ጣቶች ከሰማንያ ሁለት እስከ መቶ ሃያ ስምንት ያለውን ለሦስት ሸነሸኑት። የመጀመሪያው እጥፋት ዘጠና ሰባት ላይ አረፈ።

«ከመቶ በታች!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰሞኑንስ ስንት ነበር?» አለች ነርሷ።

«እንደዛሬው ነው፤ ከፍ ዝቅ ቢል በአንድ ወይ በሁለት ነው» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው ሰንብቷል ማለት ነው። ግን ጋሼ፣ መድኃኒቱ አይቋረጥም፣ ጨውም አይመለስም። ካዞረዎት ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢል ከጣሪያው ይወርዳሉ። መሰላል ከመንካትዎ በፊት ነገ ሐኪምዎ ይይዎት።»

ሚስቱ አቀረቀረች። «በከንቱ ነው እንዴ ያሰርኩህ?»

ወንድሜ ተነስቶ ጀርባውን አዞረላት። «ካሳዬን በሱሪ ነው የምቀበለው። በመቀመጥ ብዛት የኋላው አለቀ!»

እየሳቀችም እያለቀሰችም ቁልፉን አወጣች። ግቢውን ከፍታለት እንኳ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ እንደ ለመደ እስረኛ ፈቃድ እየጠበቀ። እሷ ናት ከኋላው ገፋ ያደረገችው።

በሉ እናንተ ሰማችሁ፤ አለቃው ግን ገና አልሰማም። ሌላ ሰው ሳይይዝ እስከ ነገ ብቻ ታገስ ልበለው። ነጠላ ጫማዬንም ቢሆን አልቀይርም፣ ሄድኩ!