በአንድ እግሩ የቆመው ሰው

ጅጅጋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጫት ሲገባ ሰው ሁሉ መቀመጫውን ይፈልጋል። ይህ ሰውዬ ግን መንገዱን ይጀምራል። ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከተማዋን ሲዞር ይውላል። ሻይ እንኳ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ጫማው ግን አልቋል።

ትናንት ሶሉ ተገንጥሎበት ጫማ ሰፊው ዘንድ አገኘሁት። ሰፊው በርጩማ ገፋ አደረገለት።

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።»

«ተወኝ ወንድሜ፤ እግሬን ካጠፍኩ አለቀልኝ። ያኔም ለአንድ ሰዓት ልቃም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ስነሳ ቤቴ ውስጥ ማንም አልነበረም።»

ካልሲው የተቀደደውን እግሩን ከአቧራው ከፍ አድርጎ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ጠበቀ። ፊት ለፊት ባለው ቤት ፍራሽ ተነጥፎ የጫት ቀንበጥ እየተመረጠ ነበር።

«ወላሂ፣ ቦታህን ይዘንልሃል!» አለው አንዱ ከውስጥ።

ዞር ብሎም አላየው። በርጩማውን ግን አየት አደረገው።

«ወንድሜ፣ ብዙ ይቀርሃል?» አለ ቀስ ብሎ።

ጫማ ሰፊው ገና ክሩን በሰም እያሸ ነበር።